ፀሐይ ያላየው ቅባት

ታላቁ ፈንጣጣ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ የአገረ ገዢው ግቢ ለሠርግ ጠብ እርግፍ ይል ነበር፤ ሠርጉም የሁለት ቤት ብቻ ሳይሆን የሁለት ጦር ነበር። ሙሽራዪቱ ለባላንጣው የጦር አለቃ ልጅ ትዳራለች፤ በዕለቱም እኩለ ቀን ላይ ፊቷን ገልጣ በአደባባይ ስትታይ ጋሻ ሊወርድ ውል ታስሯል። ፈንጣጣው ግን ነፍሷን ቢምር መልኳን አልማረም፤ በጉንጮቿ ላይ ጥቁር ጠባሳ ትቶባት ሄዷል።

ጠባሳውን እንድታደበዝዝ የታዘዘችው የግቢው መድኃኒት ቀማሚ ነበረች፤ ከእጇ ወዝ ስለማይጠፋ "ቅቤ እጅ" ይሏታል። ከእሷ በፊት የነበረው ቀማሚ የአንድ መኮንን ፊት አቃጥሎ ቀኝ እጁን ተቆርጧልና፣ የቀመመችውን ሁሉ አስቀድማ ከዚያው በሽታ በተረፈችው በታናሽ እህቷ ክንዶች ላይ ትሞክራለች። በቤቱ ደንብ የተቀባው ቦታ ዝንብና አቧራ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል። ሬት ተሞከረ፤ አልረባም። እርድ ተሞከረ፤ ክንዱን ቢጫ አድርጎት ቁጭ አለ፤ እህትየዋም "ምነው፣ ግድግዳ መሰልኩሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች። በመጨረሻ ጤና አዳም ተወቅጦ በሰምና በዘይት ተለውሶ ሲቀባ ጠባሳው ፈዘዘ፤ የሙሽራዪቱ እናት እመቤቲቱም ደስ ብሏቸው በመጋረጃ ውስጥ የተቀመጠችውን ልጃቸውን ጠዋት ማታ አስቀቧት።

የሠርጉ ዕለት ረፋድ ላይ ቀማሚዋ ሙቀጫዋን ስታጥብ እህቷ ቀኝ ክንዷን ደግፋ ገባች።

"እትዬ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ሲያቃጥለኝ አደረ።"

ክንዱ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

"ጨርቁስ?"

"ድኗል ብዬ የዚህኛውን ከትናንት ወዲያ ፈታሁት። ልብስ ሳሰጣ ዋልኩ፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።"

ቀማሚዋ የግራውን ጨርቅ እየተጣደፈች ፈታች። ቅባቱ ያው ነበር፤ ቆዳው ግን ለስልሶ ደህና ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ ለጥንቃቄ ብላ የጠቀለለችው ጨርቅ ፀሐይን ከሙከራው አስወጥቶባት ኖሯል።

"እትዬ፣ ቃጠሎው የሚወጣባት እኮ ነገ ከነገ ወዲያ ነው፣ ዛሬ አይደለም" አለች እህትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እስከዚያ እንጥፋ።"

መጥፋት ፈልጋ ነበር፤ ይህ አይደበቅም። ቀኝ እጇን አየችው። ነገር ግን ያች ልጅ ፊቷ ነድዶ ስትጮህ ታያትና ወደ እልፍኙ ሄደች፤ ከእመቤቲቱም እግር ሥር ወደቀች።

"እመቤቴ፣ ልጅዎን ፀሐይ አይንካት! የቀባኋት ቅባት ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል። አጠፋሁ፤ አላወቅሁም ነበር።"

እመቤቲቱ አመድ መሰሉ። "ተሸፍና ብትወጣ ሌላ ሴት አመጡልን ብለው ይነሡብናል። ጦሩ እደጅ ቆሟል። አንቺ ሴት፣ ምን ጉድ አመጣሽብኝ?"

ይህን ጊዜ ሙሽራዪቱ ከመጋረጃው ውስጥ ተናገረች።

"እናቴ፣ የሙሽራው እናት እዚህ ይግቡና ፊቴን ይዩኝ። ከነጠባሳዬ።"

ሴትዮዋ እስኪጠሩ ድረስ ቀማሚዋ ከወደቀችበት አልተነሣችም፤ እጇን ከደረቷ ሥር ደብቃ ተኝታለች። የሙሽራው እናት ገቡ፤ በሻማ ብርሃን ልጅቱን አገላብጠው አዩ፤ ከዚያም ነጠላቸውን ከጉንጫቸው ገለጥ አድርገው የራሳቸውን ጠባሳ አሳዩ።

"እኛንም ጎብኝቶናል፣ ልጄ" አሉ።

ሙሽራዪቱ ተሸፍና ወጣች፤ አማቷም በአደባባይ መሰከሩላት፤ ጋሻው ወረደ። እመቤቲቱ ቀማሚዋን "እጅሽን ይዘሽ ከዓይኔ ጥፊ" አሏት።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የሙሽራዪቱን መሸፈን ለጨዋነቷ ሰጡት፤ ስለ እርቁም የጦር አለቆቹን አመሰገኑ። የአንዲት ቀማሚ ፍርሃት በመጽሐፋቸው ውስጥ የለም፤ ሳይቃጠል የቀረ ፊት ለታሪክ ጸሐፊ ምን ወሬ ይሆነዋል? የእህቷ ክንድ ግን ከቀድሞው ይልቅ ጠቁሮ ቀረ፤ ቀማሚዋም በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያንን ታይ ነበር።