ከገመዱ ወዲህ የቀሩ ጫማዎች

ሱሚሬ የወደቀችው ከገመዱ ወዲያ ነው፤ ጫማዋ የተገኘው ግን ከገመዱ ወዲህ ነው።

የሲኦል ሸለቆ ጠባቂ አባባ ጊሳኩ ማለዳ ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ነበር። ጥቁር የቆዳ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ አፍንጫው ወደ ከተማው ዞሯል። ቀና ሲሉ ልጅቷን አዩዋት። ከገመዱ ብዙም ሳትርቅ፣ ከመሬት የሚተነው እንፋሎት በሚያልፍበት ቢጫ ጭቃ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከዚያ ሸለቆ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ሰው እንደሚገድል በኩሩሚዳኒ ከተማ የማያውቅ ሕፃን የለም። ያም ሆኖ ጎብኚ ይመጣበታል። በእንፋሎቱ የተቀቀለ እንቁላል ይሸጥበታል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ገመዱ አጠገብ አቁመው ፎቶ ያነሣሉ። በሕይወትና በሞት መካከል የተዘረጋው ያ ገመድ ብቻ ነው፤ እሱም የላላ ነው።

ፀሐይዋ ገና ሳትሞቅ ወሬው በስሎ ቀረበ፦ ራሷን አጠፋች። በዚያ አገር ሊሞት የሚሄድ ሰው ጫማውን አውልቆ አስተካክሎ ይሄዳል ይባላል፤ ስለዚህ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም፤ የከተማው ሐኪምም የወደቀችበትን አይቶ የሸለቆው ጋዝ ነው የገደላት አለ። የጎብኚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ኩዜ፣ የዛፉ ቅጠል በቀላበትና ከተማው በእንግዳ በተጨናነቀበት ሰሞን ይህ መሆኑ አሳዝኖት የልጅቷን እናት ሊያጽናና ወደ ሸለቆው ወጣ።

«ፉሚኤ፣ ሐዘንሽ ይገባናል። ወጣት ልብ ተሰባሪ ነው...»

«ልጄ ራሷን አላጠፋችም!»

«ማንም አይፈርድባትም። በጸጥታ እንቀብራታለን።»

«ጸጥታውን ለራስህ አድርገው!» ፉሚኤ ኩዜን አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ስሟን አበላሽተህ በጸጥታ ትቀብርልኛለህ? ፖሊስ ጠርቻለሁ። እስኪመጡ ድረስ ማንም በጣቱ እንዳይነካት!»

ፉሚኤ በወንዙ ዳር የጠዋት ገበያ የኮመጠጠ አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት። ፖሊስ ጣቢያ ደውላ አንልክም ሲሏት እንደገና ደወለች፤ ስልኩን ሲዘጉባትም እንደገና። በመጨረሻ ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ኢንስፔክተር ሳዋኖ መጣች። አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም።

ሳዋኖ ነፋስ መኖሩን አረጋግጣ ገመዱን ተሻገረችና አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሱሚሬ ጉንጭ ከብርድ እንደገባ ሕፃን ቀልቷል። የነጭ ካልሲዎቿ ሥር ንጹሕ ነው። ፀጉሯ ላይ የተሰካው ማያያዣ ፀሐይ ሲያርፍበት አብረቀረቀ።

«ይህን ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ፤ የእናቴ ነበር» አለች ፉሚኤ። «ብር ነው። ሥራ ቦታ ታደርገዋለች። ወደዚህ ስትመጣ ግን ታወልቀዋለች።»

አባባ ጊሳኩ ከኪሳቸው የሰዓት ሰንሰለት አውጥተው አሳዩ። «ይኸው፣ ይህም ብር ነበር። አንድ ሌሊት እዚህ ረስቼው አድሬ ጠዋት ሳገኘው ጥላሸት መስሏል። ጎብኚውን ቀለበት አውልቁ እያልኩ ነው የምውለው። ማን ይሰማኛል!»

ሳዋኖ ወደ ጫማዎቹ ተመለሰች። በሁለቱ መካከል ጡጫዋን አስገባች፤ ልክክ አለ።

«እማማ፣ ሱሚሬ ጫማ ስታወልቅ እንዴት ታስቀምጠው ነበር?»

«ኧረ ይተዉኝ! አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ኮሪደር ላይ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስጮህባት...» ቀጥሎ የመጣው ቁጣ ነበር። «እኔ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የማስብ ሰው ነኝ። ድልድዩ ይሰበራል፣ መኪና ይገጫታል እያልኩ ነው ያሳደግኳት። በዚህ ሳምንት ራሴን አመመኝ ስትለኝ ክፉ በሽታ ያዛት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ገበያ አብሬሽ እወርዳለሁ ብላኝ ነው ትናንት የወጣችው። ሊሞት የሚሄድ ሰው እንዲህ ብሎ ይወጣል?»

ሳዋኖ አስከሬኑ ወደ ዋና ከተማው ሆስፒታል ተልኮ ደሙ እንዲመረመር አዘዘች።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኢፔይ ነው፤ ጎብኚ በእጁ በሚጎትተው ጋሪ እየጫነ አሮጌዎቹን መንገዶች የሚያሳይ ወጣት፣ የሱሚሬ ወዳጅ። ትናንት በቀዩ ድልድይ ላይ ሱሚሬ ላይ ሲጮህ ብዙ ሰው አይቶታል። ሳዋኖ ስትደርስ በጋሪ ማቆሚያው በባዶ እግሩ ተቀምጧል። አንዱ ቡት ጫማው ተገልብጦ ወድቋል፤ ሌላው ከጋሪው ጎማ ሥር ነው።

«ጮኸህባታል አሉ።»

«ጮኽኩባት። ሥራውን ልቀቂ አልኳት። አሠሪዋ እትዬ ቺዙሩ ሌት ተቀን እንደ በቅሎ ነው የምታሠራት። እሺ፣ ነገ እለቃለሁ አለችኝ። ሁልጊዜ ነገ!» ጭንቅላቱን በእጁ መታ። «ጋሪዬን ፈትሹት። ቤቴን ፈትሹት። ብቻ ራሷን አጠፋች አትበሉኝ፤ የሚለውን ሰው ጥርሱን ነው የማረግፈው።»

ኩዜ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ከስልክ ጋር ይታገላል። በሩ ላይ ጫማው እንዳወለቀው አፍንጫው ወደ ውስጥ ሆኖ ተጣብቆ ቆሟል።

«ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ቶሎ እንጨርስ። ነገ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። የቺዙሩ የድሮ ቤት የእንግዳ ማደሪያ ሆኖ ይመረቃል። ከተማው በሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው።»

«የሞተችውስ?»

«በጣም አዝነናል። ግን ሕይወት ይቀጥላል።»

«የማን?» አለች ሳዋኖ።

ኩዜ ስልኩን አነሣ።

እትዬ ቺዙሩ የከተማው ትልቁ የእንግዳ ማረፊያ እመቤት ናት። ሱሚሬ የምትሠራው ለእሷ ነበር። ሳዋኖን ተንበርክካ ግንባሯ ወለል እስኪነካ እጅ ነሥታ ተቀበለቻት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቺዙሩ ዓይኗን በመሐረብ እየነካካች። «ትናንት ማታ ሥራ ጨርሳ እያለቀሰች ወጣች። ልከተላት አስቤ ነበር። ምነው በተከተልኳት! ምስኪን፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ጋዝ ውስጥ...»

«ነገ የሚመረቀውን ቤት ባየው ደስ ይለኛል።»

የቺዙሩ ፊት በራ። ቤቱ ከማረፊያው ጀርባ ነው፤ እጆቹን ለጸሎት እንደገጠመ ሰው በሁለት ጎን ቁልቁል ያዘቀዘቀ ግዙፍ የሣር ጣራ አለው። ሱሚሬ በየቀኑ ጎብኚ እያስገባች የምታሳየው ይህንን ነበር። ከወለሉ መሃል አራት ማዕዘን ምድጃ ተቆፍሯል።

«ድሮ እንጨት ነበር የሚነደው» አለች ቺዙሩ። «ጭሱ የእንግዳ ዓይን ስለሚያቃጥል በከሰል ቀየርነው። ብርዱም በጣራው ይገባ ነበር፤ ይኸው ጣውላ አስመታሁበት። መስኮቱም መስታወት ሆነ። አሁን ሽው የሚል ነፋስ የለም፤ አራስ ብትተኛበት አይበርዳትም።»

ሳዋኖ ቀና አለች። የስንት ትውልድ ጭስ ያጠቆራቸው ምሰሶዎች ሽቅብ ወጥተው ነጭ አዲስ ጣውላ ውስጥ ይጠፋሉ። የምድጃው አመድ ገና ዛሬ በመጥረጊያ ተበጥሮ ኩሬ ላይ እንዳለ ሞገድ ተሰምሯል።

«ትናንት እዚህ ያደረ ሰው አለ?»

«ማንም።»

«ታዲያ አመዱን ዛሬ ለምን አበጠሩት?»

ቺዙሩ ፈገግ አለች። «ልማድ ነው። ቤት የሚያስተዳድር ሰው እጁ አያርፍም።»

ሲወጡ የእንግዶች ሻንጣ የሚጎተትበት ጋሪ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጎማዎቹ ታጥበው ገና አልደረቁም። ሳዋኖ ጫማዋን ልታደርግ ስትል አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ጥንዱ ተራርቆ ተቀምጦ አገኘችው።

«ማን አዞረልኝ?»

«እኔ ነኛ። እንግዳ ጎንበስ እንዳይል፣ እግሩን ወደፊት ብሎ እንዲያስገባ። ከእናቴ የተማርኩት ነው፤ ሳላስበው እጄ ያደርገዋል።»

ሳዋኖ ጎንበስ ብላ በጥንዱ መካከል ጡጫዋን አስገባች።

ከቀትር በኋላ ስልኳ ጮኸ። ሰምታ ስትጨርስ ሁሉንም ወደ አሮጌው ቤት አስጠራች። ኩዜ፣ ቺዙሩ፣ ኢፔይ፣ አባባ ጊሳኩና ፉሚኤ በቀዘቀዘው ምድጃ ዙሪያ ተቀመጡ።

«ሱሚሬ ራሷን አላጠፋችም» አለች ሳዋኖ። «የሸለቆው ጋዝም አልገደላትም።»

«የከተማው ሐኪም እኮ...» አለ ኩዜ።

«ሐኪሙ ያለችበትን ቦታ አይቶ ነው የፈረደው። እኔ እሷን አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ ውስጥ አደረች ብላችሁኛል። የአባባ ጊሳኩ ሰንሰለት በአንድ ሌሊት ጠቁሯል፤ የእሷ የብር ማያያዣ ግን ያበራል። ስለዚህ እዚያ አላደረችም። ቀጥሎ ካልሲዋ። በካልሲ ገመዱን ተሻግራ ጭቃው ላይ ከተራመደች ሥሩ መበከል ነበረበት። ንጹሕ ነው። ስለዚህ አልተራመደችም፤ ተሸክመው ወሰዷት።»

ኢፔይ ሊነሣ ሲል አባባ ጊሳኩ ትከሻውን ተጭነው አስቀመጡት።

«ከየት ወሰዷት? ጉንጯ ቀልቶ ነበር። የሸለቆው ጋዝ ጉንጭ አያቀላም፤ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የገደለ ከሰል ግን እንዲህ ያቀላል። አሁን የደወለው ሆስፒታሉ ነው። ደሟ ውስጥ የተገኘው የከሰል መርዝ ነው። በዚህ ከተማ ከሰል የሚነድበት፣ ጣራውም መስኮቱም የታሸገ ቤት የትኛው ነው?»

ሁሉም ሳያስቡት ወደ አዲሱ ጣውላ ቀና አሉ።

«ራሴ ይፈነዳል ትል የነበረው...» አለች ፉሚኤ በቀስታ። «በሽታ አልነበረም።»

«አልነበረም እማማ። ይህ ቤት ነበር።»

«ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው ነው የሚገባው!» አለች ቺዙሩ። «ቁልፉ ኩዜም ጋ አለ። ኢፔይም እንግዳ እያመጣ ይገባል። በእኔ ላይ ብቻ...»

«እስካሁን ስምዎን አልጠራሁም» አለች ሳዋኖ፤ ድምጿ በጣም ዝቅ ብሏል። «አሁን ልጥራው። እትዬ ቺዙሩ፣ ለመሞት የሚሄድ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ አፍንጫው ወደሚሄድበት ያያል። የሱሚሬ ጫማ ግን ወደ ከተማው ዞሯል፤ እንግዳ ሲመለስ እንዲመቸው። በጥንዱ መካከልም ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ኢፔይ ጫማውን ይወረውራል። ኩዜ አዙሮ አያውቅም። ሱሚሬ ጫማዋን ስትበትን እናቷ ስትጮህባት የኖረች ናት። የእኔን ጫማ ግን ዛሬ እርስዎ አዞሩልኝ፤ ክፍተቱም ያው ነው። ጫማ ካወለቀች ራሷን አጠፋች ይባላል ብለው አስበው አስቀመጡት። ከዚያ እጅዎ ሳያስቡት ልማዱን ሠራ።»

ቺዙሩ ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አየቻቸው፤ የራሷ ያልሆኑ ይመስል።

«አንድ ሌሊት እንድትሞክረው ብቻ ነበር» አለች። «እንግዳ ከመግባቱ በፊት ሙቀቱ እስከ ንጋት ይቆይ እንደሆነ እንድታይልኝ። ራሴን ያመኛል አለች፤ ሥራ ለመሸሽ መሰለኝ። ሊነጋጋ ሲል ብቀሰቅሳት አልነቃ አለችኝ። ምን ላድርግ? ቤቱ ሊዘጋ ነው! የአያቶቼ ቤት! ነፋስ ሲነሣ በሻንጣው ጋሪ... እጇ እንኳ ገና ሞቃት ነበር፣ እኔም አለቀስኩ፣ እመኑኝ...»

«ሞቃት ነበር?»

ፉሚኤ ቆማለች።

«ሞቃት ነበር ነው ያልሽው? ሐኪሙ እኮ መንገዱን ተሻግሮ ነው! በሩን አንኳኩተሽ ቢሆንስ? ትተነፍስ እንደሆነ አይተሻል?»

ቺዙሩ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋች። «ይቅር በይኝ።»

«አይተሻል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ!»

«አላየሁም። ፈራሁ።»

«እኔም ስፈራ ነው የኖርኩት» አለች ፉሚኤ። «እኔ የምፈራው ግን ለሷ ነበር።»

ሳዋኖ ቺዙሩን አስነሥታ ከውጭ ለሚጠብቁት ፖሊሶች አስረከበቻት። ኩዜ ላቡን ጠረገና ወደ ፉሚኤ ቀረበ፤ ድምፁ እንደ ማር ሆኗል።

«ፉሚኤ፣ ፍትሕ ተገኘ። ተመስገን። ለሕዝቡ ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ እናሰማለን። ጎብኚው እንዳይደናገጥ ቃሉን እኔ አስተካክዬ፣ ነገሩ ትንሽ በረድ ሲል...»

ፉሚኤ አላስጨረሰችውም። ገፍታው ወጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደች። እዚያ ፎቅ ላይ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥና ጎርፍ ሲመጣ የሚነገርበት ማይክሮፎን ነበር። ጸሐፊዋ ልትከለክላት ብድግ ብላ ፊቷን ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፉሚኤ ቁልፉን ተጫነች።

«እኔ የሱሚሬ እናት ነኝ» የሚል ድምፅ በየመንገዱ ምሰሶ ላይ ካሉት ድምፅ ማጉያዎች ወጣ። በቀዩ ድልድይ ላይ፣ በወንዙ ዳር፣ በእንቁላል ሻጮቹ መካከል ሰው ቆመ። «ጠዋት ስለ ልጄ የሰማችሁት ውሸት ነው። ራሷን አላጠፋችም። ለእንግዳ ማደሪያ በታሸገው ቤት ውስጥ፣ በከሰል መርዝ ታፍና ሞተች። የሞተችው አሠሪዋ እዚያ እደሪ ስላለቻት ነው። ቤቱን ለማዳን ብለው እንደ ቆሻሻ ሸለቆ ጣሏት፤ ስሟንም ከሷ ጋር ጣሉት። ነገ እዚያ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ልታድሩ የመጣችሁ፣ አትግቡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። የልጄ ስም ሱሚሬ ነው። ሱሚሬ።»

ቃሉ አለቀ፤ ጣቷ ግን ከቁልፉ ላይ አልተነሣም። ኩዜ እያለከለከ ደርሶ እጁን ሲዘረጋ ሳዋኖ አንጓውን ያዘችው። ከተማው በሙሉ፣ ከገበያው እስከ ቀላው ተራራ ድረስ፣ የአንዲት እናት ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ላጥፋው ያለ ሰው አልነበረም።