ስሜ የነበረበት ዘፈን

በእኛ በኬንታኪ ተራሮች፣ በግንቦት መጨረሻ፣ የዘመዶቻችንን መቃብር አርመን አበባ እናኖራለን፤ ከዚያም እዚያው ሣር ላይ ምሳ እንበላለን። ቨርጂልን ያገኘሁት በዚያ ቀን ነው። ጎንበስ ብሎ የአያቴን መቃብር ያርማል።

«ወንድም፣ እሱ እኮ የኛ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ ድንጋዩን አነበበና ሳቀ። «ጠዋቱን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ነው የለፋሁት በይኛ!»

«አያቴ ያመሰግኑሃል።»

«የእሳቸው ይቅርብኝ። አንቺ ለምሳ ከያዝሽው ዶሮ አታቀምሽኝም?»

ሰጠሁት። ሲበላ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

በጋው ሳያልቅ በረንዳችን ላይ በጊታሩ ዘፈን አወጣልኝ። የሚጀምረው በስሜ ነው፤ «ኦዜላ» ብሎ። ሲጨርስ እጄን ያዘ፤ እኔም አልነጠቅኩትም።

ሊያገባኝ ሲጠይቅ እናቴ ግን ሥራ ለሌለው ጊታር መቺ ልጄን አልሰጥም አለች።

«ናሽቪል ከተማ ሄጄ ዘፈኑን ሸክላ ላይ አስቀርጸዋለሁ» አለኝ። «ስምሽ በሬዲዮ ሲጠራ እምቢ አይሉኝም።»

የሚተላለፍበት ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮናችንን ከበበ። እናቴ እንኳ ሽርጧን አውልቃ ተቀመጠች። ዜማው ያው፣ ድምፁም የእሱ።

«ማርሊን» ብሎ ጀመረ።

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እናቴ ብቻ ቀስ ብላ «አጥፉት» አለች።

ማርሊን ሸክላውን ያሳተመለት ሰው ልጅ ነበረች። ቅጠል ሳይረግፍ አገባት።

ከዚያ ዘፈኑ የሁሉም ሆነ። አንዱ በቫዮሊን አለስልሶ «ሱዛን» አለው። አንዲት ዘፋኝ የወንድ ስም አስገባችበት። ወጣቶች በከበሮ አፍጥነው ጨፈሩበት። እኔም አገባሁ፣ ኒታን ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ዘፈኑ ገበያ ስሄድ፣ ፀጉር ስሠራ ይከተለኛል። ልጄ እንዳትሰማው ስሳቀቅ ኖሬ፣ እሷ ከሁሉ አብልጣ የወደደችው እሱኑ ሆነ። ጨነቀኝና ሁሉንም ነገርኳት።

ዘንድሮ ለመቃብሩ ቀን ቨርጂል መጣ። ሸብቷል፤ ማርሊንም ሞታበታለች። ከምሳ በኋላ ጊታሩን አነሣና ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ጀመረ። «ኦዜላ።»

ኒታ ክንዴን ጨመቀችው። «እማ! ስምሽን መለሰው እኮ! ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

ሲጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ። «ኦዜላ፣ ዋናው ይሄ ነው።»

«አይደለም፣ ቨርጂል። ዋናው በረንዳው ላይ ቀርቷል። አሁን አንተም እንደ ሌሎቹ ስም ቀይረህ ነው የዘፈንከው።»

አንገቱን ደፋ። ዶሮ አቀረብኩለትና ጠዋት ያልጨረስኩትን የባሌን መቃብር ላርም ሄድኩ። ጥቂት ቆይቶ ተከተለኝ፤ ከጎኔ ተንበርክኮ እጁን ወደ አረሙ ሰደደ።

«ተው፣ ቨርጂል» አልኩት። «እሱ የኛ ነው።»