የባላምባራስ ቢሻው የዓሣ ገንዳ

ባላምባራስ ቢሻው በግንባሩ ተደፍቶ፣ ጉንጩ ከአንድ ዓሣ ላይ አርፎ ተገኘ። ክፍሉ ይከረፋል። ንፋስ መውጫ ብርድ አገር ነው፤ ዝንቡ ግን ከየት እንደ መጣ እንጃ፣ ሬሳውንና ዓሦቹን ሳይለይ ወርሯቸዋል። ከአሥመራ ያስመጣው የመስታወት ገንዳ ፊቱ ተሰብሮ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ወለሉ ገና አልደረቀም።

ለምርመራ የተጠራው የመቶ አለቃ ተክለ ማርያም በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። አፍንጫውን ያልያዘ እርሱ ብቻ ነበር።

ግቢው ውስጥ ቀጥቃጩ ይግዛው ከጥድ ግንድ ጋር ታስሯል። ያሰሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ገንዳው ሲያፈስ የጠገነው እርሱ ነበርና። የሟቹ ወንድም ካሴ ጠመንጃውን ይዞ ከፊቱ ይንጎራደዳል።

«ጌታዬ፥ ይህን ሰው ለእኔ ይተዉልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሜን ልመልስ።»

«መጀመሪያ ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ወንድሜ ማታ ገንዳውን ሞላው፤ ዓሦቹንም መለሰ። ይኼ ቀጣፊ ደፍኜዋለሁ ብሎት ነበራ! ሊነጋጋ ሲል ጓ አለ። ሮጬ ስገባ መስታወቱ ፈንድቷል፤ ወንድሜ አዳልጦት ወድቋል። ዓሦቹ ዙሪያውን ይንፈራገጣሉ።»

«ሲንፈራገጡ አዩ?»

«በኩራዝ አየኋቸው። ጭራቸውን ይመቱ ነበር።»

የመቶ አለቃው ወደ ታሰረው ዞረ።

«እንዴት አድርገህ ነው የደፈንኸው?»

«የቀድሞውን ማስቲሽ በቢላ ፋቅሁ፤ ጠርዙን በአረቄ ወለወልሁ። ቅባት ካለው አይዝም። ሬንጅና ሰም አቅልጬ ማዕዘኑን ሁሉ ከውስጥ ሞላሁት። እንዳይጣበቅ አመድ ነሰነስሁበት። በደንብ እስኪጠነክር ውሃ እንዳይጨምሩበት ብዬ ለባላምባራስ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ቡዳ!» ካሴ ምራቁን ተፋበት። ይግዛው መጥረግ አልቻለም፤ እጁ ታስሯል።

ቤት ውስጥ ጎረቤታቸው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል። ማታ ራት የበሉት እዚሁ ነበር።

«መሪጌታ፥ ማታ ገንዳው ውሃ ነበረው?»

«እኔ ወደዚያ አላይም። ይህን ርኩስ ነገር ከቤትህ አውጣ ብዬ ገሥጬዋለሁ፤ አልሰማም። ፊቴን አዙሬ በላሁ። ስወጣ ወንድማማቾቹ በአባታቸው ርስት ይጨቃጨቁ ነበር።»

«ማታም እንዲህ ይሸት ነበር?»

«ማታስ አልሸተተኝም። ዛሬ ተዘረገፈ፤ ሸተተ። የዓሣ ሽታው ይኸው አይደል?»

«ዓሣ በልተው ያውቃሉ?»

«እኔ? እግዚኦ!»

የመቶ አለቃው ወደ ገንዳው የኋላ ማዕዘን ጣቱን ሰደደ። ሲያወጣው ግራጫ ዱቄት ይዟል። ሬሳውን አገላበጠ። ከዚያ አንድ ዓሣ አነሣ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ነጥቷል፤ ቆዳው ተልጦ ጣቱ ላይ ቀረ። መሪጌታ አፋቸውን ይዘው ወጡ፤ ከደጅ ሲያስታውኩ ተሰማ።

ጓዳ ውስጥ ባዶ ጋን አገኘ። አፉ ዙሪያ የደረቀ ጭቃ ተፈረካክሷል። የሟቹን ሚስት ጠራ። እርሷ አራስ እህቷ ዘንድ አድራ ጧት ነበር የደረሰችው።

«ወይዘሮ የሺ፥ ይህን ጋን ማን መረገው?»

«እኔ ነኝ። ገንዳው ሲጠገን ዓሦቹን ከነውሃቸው እዚህ ገለበጥናቸው። ድመት እንዳይነካቸው ልክ እንደ ጠላ አፉን ድፍን አድርጌ መረግሁት። ሐሙስ ነው፣ ዛሬ አራት ቀኑ፤ ትናንት እስክሄድ ማንም አልከፈተው። አጠፋሁ እንዴ?»

«ለዓሦቹ አዎ። ለሰው አላጠፉም።»

ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ይግዛውንም ከግንዱ ፈትተው እጁን እንደ ታሰረ አስገቡት።

«ቢሻው አዳልጦት በፊቱ ቢወድቅ ኖሮ ግንባሩ ይፈነከት ነበር። የተፈነከተው ማጅራቱ ነው» አለ የመቶ አለቃው። «ገንዳው ተሞልቶ ቢሆን አመዱ ታጥቦ በሄደ። ንኩት፤ ደረቅ ነው። ውሃ ያልገባበት ገንዳ አይፈነዳም። ሰው ሰበረው። ውሃውንም ከጋኑ አምጥቶ ደፋው።»

«ማን?» አለች የሺ።

የመቶ አለቃው ዓሣውን ከካሴ አፍንጫ ሥር ዘረጋው። «ጋኑ ተደፍኖ ዓሦቹ ታፍነው ሞቱ፤ እዚያው በሰበሱ። ይህ ሊነጋጋ ሲል ጭራውን ይመታ ነበር?»

ካሴ ወደ ኋላ አለ። «ዓሣ... ዓሣ ሽታው እንዲህ ነው!»

«እኔ የቆራጣ ልጅ ነኝ፤ ጣና ዳር ነው ያደግሁት። አሁን የወጣ ዓሣ ውሃ ውሃ ይላል። አንተ ጋኑን ስትደፋ ግማቱ መጣብህ፤ ዓሣ እንዲህ ነው ብለህ አለፍኸው። እዚህ አገር ሁሉም እንዲሁ ይላል፤ መሪጌታም ብለዋል። እርሳቸው ግን ሲንፈራገጡ አየሁ አላሉም። ያልነበረውን ያየኸው አንተ ነህ፤ ከሟቹ ጋር ያደርኸውም አንተ ብቻ። እስቲ እጅጌህን አሽትት።»

ካሴ ሳያስበው እጅጌውን ወደ አፍንጫው አነሣ፤ መንገድ ላይ አቆመው። ሁሉም አዩት። ከመቶ አለቃው ጋር የመጡት ሁለት ፖሊሶች ጠመንጃውን ቀሙት።

«ርስቱን እንካፈል አልሁት» አለ ካሴ ወለሉን እያየ። «ጀርባውን አዞረብኝ።»

«ወንድምህን ገድለህ በዚህ ግማት ላይ ደፋኸው። ለእርሱ ሞት ደግሞ ሌላ ሰው ልትገድል ነበር» አለ የመቶ አለቃው፤ ዓሣውን ጥሎ እጁን በግድግዳው ጠረገ። «ውሰዱልኝ።»

ጎረቤቶቹ ተሯሩጠው ይግዛውን ከበቡት። «አይዞህ ወንድማችን፥ እኛ ምን እናውቃለን!» እያሉ ገመዱን ሊፈቱ ተሻሙ።

«አትንኩኝ» አለ ይግዛው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። የመቶ አለቃው ቢላዋ አውጥቶ ገመዱን ራሱ ቆረጠው።