ሰባት ቁጥር ብልቃጥ

ፕሮፌሰር ሆርሞዝ ሴፔህሪ በኢራኗ ከተማ ያዝድ በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የብረት ጠረጴዛውን ጠርዝ መትቷል። ከጎናቸው የነበረው ማቀዝቀዣ ክፍቱን አድሯል።

«ምን ጎደለ?» አለ መርማሪው ሻለቃ ፈራማርዝ።

«አንድ ብልቃጥ። ሰባት ቁጥር» አለች የሟቹ ምክትል ዶክተር ማህላቃ። «ከግመል ደም ያገኘናትን የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ነው የምንሞክረው። እጢ የራሱን የደም ሥር እንዳያበቅል ትከለክለዋለች፤ ምግብ አጥቶ ይሟሽሻል። አይጥ ላይ ሠርታለች፤ ሰው ላይ ገና ነን።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ።»

«ስሜን ከጥናቱ ሰረዙት። ሰድቤያቸዋለሁ፤ አልገደልኳቸውም።»

ተማሪው ቢዣንም ተጠየቀ። «ሊያባርሩኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ትናንት ሳይቀር ከዶክተር ማህላቃ ጋር ሆነን የብልቃጦቹን ቁጥር ስናለዋውጥላቸው ዋልን።»

«ለምን?»

«አይጦቹን የሚወጋው ሰው መድኃኒቱን ከጨው ውሃው እንዳይለይ ነዋ! ካወቀ ዓይኑ ያደላል።»

ቁራጯን መጀመሪያ ያገኛት ዶክተር ሻህሩዝ ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። የሚስቱን የናስታራንን ጉበት ካንሰር በልቶታል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ሆስፒታል ነዋ! ሌላ የት እውላለሁ?»

ሻለቃው ሆስፒታል ደርሶ ተመለሰና ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«ሌባው ከዚያ ሁሉ ብልቃጥ አንዱን ብቻ መርጦ ወስዷል። የሚፈልገውን ያውቃል ማለት ነው። ሰባት ቁጥር ምን ነበር?»

«ቁራጯ» አለች ማህላቃ።

«ቁጥሩ ከተለወጠ በኋላስ?»

ማህላቃ ሻህሩዝን አየችው። «የጨው ውሃ።»

«ሁለታችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ለጨው ውሃ ሰው አትገድሉም። ያላወቀው ትናንት እዚህ ያልዋለው ነው። የሆስፒታሉ ነርስም በናስታራን ክንድ ላይ ማንም ያላዘዘው የመርፌ ምልክት አይታለች።»

ሻህሩዝ አንገቱን ደፋ። «መድኃኒቱን ለሚስቴ ስጡኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! ‹ደም ቢፈስሳትስ?› ይሉኛል። እየሞተች ላለች ሴት! ትናንት ማታ ብልቃጡን ሳነሣ እጄን ሲይዙኝ ገፋኋቸው።»

«ሲወድቁ ወዲያው ሞቱ?»

«አልሞቱም። እያዩኝ ነበር። ሰው ብጠራ ብልቃጡን ይቀሙኛል ብዬ...» ቀና አለ። «ማህላቃ፣ ተሳስተሻል። ዛሬ ሕመሙ ቀለለኝ ብላኛለች። ተነሥታ ሾርባ ጠጥታለች እኮ!»

ቢዣን ፊቱን አዞረ።

ካቴናው ሲገባለት ሻህሩዝ ወደ ሻለቃው ዞረ። «እሺ። እሷ ግን ውሃ መሆኑን እንዳትሰማ።»

ባሌ ወዴት ሄደ ለሚለው የናስታራን ጥያቄ መልስ ይዞ ሆስፒታል የሚሄደው ሻለቃው ራሱ ነበር።