መሬት ያልነካው ጫማ

ባልቴቷ ቡንሚ ሜኮንግ ወንዝ ዳር፣ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታቸው ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። አጥንታቸው የሳሳ መሆኑን አገር ያውቃል፤ ስለዚህ የመንደሩ ጣት ሁሉ ወደ ምራታቸው ወደ ቻንታላ ተቀሰረ። «ጥላቸው ገበያ ሄዳ ነው» አሉ ገሚሶቹ፤ «እሷው ገፍታቸው ነው» አሉ የባሰባቸው። ይባስ ብሎ ባሏ ሱካን ፊቷን ማየት ተወ።

መርማሪዋ ቪላይ ወሬ ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። በዝናብ የላቆጠውን ጭቃ ረግጣ ሄደችና ደረጃው ሥር ሳንቃ ላይ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠውን የባልቴቷን የላስቲክ ጫማ አነሣች። ሶሉን ገልብጣ አየችው፤ ንጹሕ ነበር።

ቤቱ ሥር አውራ ዶሮ ለፍልሚያ የሚያረባውን የሟቿን የወንድም ልጅ ካምፔትን ጠራችው።

«መጀመሪያ ያየሃቸው አንተ ነህ፤ እንዴት አገኘሃቸው?»

«ከጓሮ ሲመለሱ ነው መሰለኝ። እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን እታች አውልቀው ሲወጡ አዳለጣቸው። ምስኪን አክስቴ!»

ቀጥላ ቻንታላን ጠየቀቻት።

«ጫማውን ማን ሰጣቸው?»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ቤት ውስጥ እንዳያዳልጣቸው ብላ። እማማ ግን ‹ቤት ውስጥ በጫማ? ሰው ምን ይለኛል!› እያሉ ተደብቀው ነበር የሚያደርጉት። ከእኔና ከነርሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሱካን እንኳ።»

ከሰዓት በኋላ ቪላይ ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ አገር ጫማ እታች ይወልቃል፤ ይሄኛው ግን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ጭቃ አልነካውም፤ ስለዚህ እማማ ጓሮ አልወረዱም፣ ከላይ ነው የወደቁት። ሲወጡ የወደቁ ለማስመሰል ጫማውን እታች የደረደረ ሰው አለ። ቻንታላና ነርሷ ምስጢሩን ስለሚያውቁ እዚህ አያስቀምጡትም። ሱካን በጀልባው ሰው ሲያሻግር ነው የዋለው። ይህን ጫማ ‹እንደ ልማዳቸው እታች አውልቀው› ያልከኝ አንተ ነህ፣ ካምፔት።»

የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፣ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል! ካምፔት ማመካኘት ጀመረ።

«‹ዶሮዎችህን ከዚህ አንሣ፣ ኩሳቸው ያዳልጠኛል› ብለው ሰደቡኝ። ጫማ አድርገው ብቅ ሲሉ ሊወርዱ መስሎኝ ነበር... አንዴ ብቻ ነው የገፋኋቸው!»

«ለሳቸው አጥንት አንዴ ይበዛል» አለች ቪላይ፤ ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም።

ካምፔት ሲወሰድ ሱካን ወደ ሚስቱ ተጠግቶ እጇን ሊይዝ ሞከረ።

«ቻንታላ፣ ይቅር በይኝ።»

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«እናትህ እስከ ሞታቸው ድረስ አምነውኛል» አለችው። «አንተ ግን ፖሊስ እስኪነግርህ ጠበቅህ።»