ከግንባር የመጣች ባትሪ

ቶሌራ ጎህ ሳይቀድ ከቤቱ ጓሮ ካለው ገደል ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ባትሪውን እንደጨበጠ ተገኘ። ሚስቱ ጃለኔ ስትደርስ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። «ድንጋዩ... ድንጋዩ» ብሎ አረፈ።

ይህን የሰማ የአምቦ ዳር ሰፈር በፍርሃት ተዋጠ። በጨለማ ድንጋይ የሚወረውር አለ ተብሎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ይቀረቀር ጀመር። ጎረቤቱ ሞቲ በድንበር ጠብ ቶሌራን አንድ ጊዜ በድንጋይ ወርውሮ ስቶት ስለነበር ታሰረ። ለጃለኔ ግን ይህም እንቅልፍ አልሰጣትም። የባሏ የጦር ጓድ ዋቅጋሪ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁ» እያለ ደጇ ላይ ባያድር ኖሮ ታብድ ነበር።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አመለሸጋ ስሟና አመሏ አይተዋወቁም። ገዳዩ ተይዟል ሲሏት ተቆጣች፤ ለቅሶ ቤት ሄዳም ጃለኔን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«በዚያ ሰዓት ወዴት ሊሄድ ወጣ?»

«በመጀመሪያው መኪና ወደ እጃጂ። ባትሪዋን ለኦልጅራ እናት ሊመልስ።»

«ኦልጅራ ማነው?»

«ግንባር ላይ የሞተ ጓዳቸው። ሲመለሱ ዋቅጋሪ ሬዲዮ ይዞ መጣ፤ የኔ ሰው የኦልጅራን ባትሪ ብቻ። አሟሟቱንም ለእናቱ በእውነት እነግራታለሁ ይል ነበር።»

«መንገዱን ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና ዋቅጋሪ። ማታውን ሊሰናበተው መጥቶ ነበር።»

«ባትሪዋ ትሠራ ነበር?»

«ዋቅጋሪ ከመምጣቱ በፊት የኔ ሰው ሲሞክራት ቤቱ ቀን መሰለ።» ጃለኔ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢንስፔክተር፣ ገዳዩ በእኔም ላይ ይመጣ ይሆን?»

አመለሸጋ ተነሥታ ወጣች። ገደሉ ዘንድ ስትሄድ፣ ቶሌራ ወደ መኪና መንገድ ይሻገርበት የነበረው ሳንቃ ተነሥቶ ሣር ውስጥ ተጥሎ አገኘች። ጣቢያ ተመልሳ ኤግዚቢት የሆነችውን ባትሪ ብትጫናት አልበራችም። ከፍታት ውስጧን ስታይ እሷም ፈራች።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ጃለኔን፣ ሞቲን ከነካቴናው፣ ዋቅጋሪን፣ ለለቅሶ የመጡትን የኦልጅራን እናት አዴ ጉዴንም። ልጅዎን በእጄ ቀበርኩት ብሎ ያረዳቸው ዋቅጋሪ ስለነበር፣ ከጎኑ ተቀምጠዋል።

«ሞቲ፣ ድንጋዩን ከየት አመጣኸው?»

«ከማሳዬ አንሥቼ ነው። እሱም ባለፈው ወር፣ ያውም አልመታሁትም።»

«ዋቅጋሪ፣ አንተስ?»

«እኔ ከሱቅ ነው የገዛሁት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ሟቹ ያለው የባትሪ ድንጋይ ነው» አለች አመለሸጋ። «እኛ መሬት መሬት ስናይ ሰነበትን። ማታ ቤቱን ቀን ያስመሰለች ባትሪ፣ ውስጧ ያገኘሁት ያለቀ፣ እንዲሠራ በጥርስ የተነከሰ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ጥቂት አብርቶ ይከዳል። ሲከዳው እግሩ ሳንቃውን ፈለገ፤ ሳንቃው የለም። ድንጋዩን የቀየረ ማታ ቤቱ የገባ ነው። ሳንቃውን ያነሣ መንገዱን የሚያውቅ ነው። ያለቀ ድንጋይ የሚተርፈው ሬዲዮ ላለው ነው፤ ጃለኔ ደግሞ ሬዲዮ የላትም። ድንጋይ ስል ሱቅ ትዝ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የሞቲ ካቴና ተፈታ። ጃለኔ ደጇን ሲጠብቅላት የሰነበተውን ሰው አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።

ዋቅጋሪ ወደ አዴ ጉዴ ዞረ። «አዴ፣ አልቀበርኩትም። ቆስሎ ሳለ ጥዬው ሮጥኩ። ቶሌራ ይህን ሊነግርዎ ነበር።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት።

«ስትሮጥ ጠራህ?»

«ጠራኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከማልሰማው ድረስ፣ አዴ።»