ቀለም የበላው ዘይት

አምላኩ የሞተው እሑድ ጠዋት ነው። ከሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አልቆም ብሎት ከቆመ የአሸዋ መኪና ጋር ተላተመ። ኢንስፔክተር እንቁ ገመዳ ስትደርስ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ነጠላው የእናቱ የወይዘሮ ወርቅዬ ነበር።

«ገዳዩን አትፈልጊ፤ ይታወቃል» አሉ ወርቅዬ፣ እንቁ አፏን ሳትከፍት። «ያ ቀለም ቀቢ ነው። ፍሬኑን ፈታትቶ፣ ሳያጠብቅ ሰደደልኝ።»

ሳጅን ዓለምሰገድ ከአጠገባቸው ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «ነገሩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር። የፊት ፍሬኑ ብሎን ላልቷል፣ ዘይቱ ፈስሷል። የኋላው ብቻውን ቁልቁለቱን አልቻለም። ዋቅቶላ የሚባለው ቀቢ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው ሞተሩን ያስረከበው። ከቤቱ አውጥተን አስረነዋል።»

«ስታስሩት ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ሚስቱ። አራስ ናት።»

«እኔም ሄጃለሁ» አሉ ወርቅዬ። «‹የገዳይ ልጅ ነው የታቀፍሽው› ብያታለሁ። ጎረቤቷ ሁሉ ይስማ!»

እንቁ ሞተሩ አጠገብ ተንበረከከች። የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት አሞርዛተሮች በአዲስ ጥቁር ቀለም ያበራሉ። የፍሬኑን ሸራ የሚጨብጠው ብረት፣ ካሊፐሩም እንደዚያው። ከካሊፐሩ ትንሽ ብሎን ሥር ግን ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። በጣቷ ነካ ስታደርገው ተላጠ። ከጥቁሩ ሥር ወርቃማ ቀለም ብቅ አለ።

የተጨማደደው መስመር ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። እንቁ አንገቷን አዘንብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ይታያል?» አለ ዓለምሰገድ።

«ቀቢውን ወደሚሠራበት ጋራዥ አምጣልኝ።»

ዋቅቶላ ወደ ጋራዡ የገባው እጁ በካቴና እንደታሰረ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ። ከጣሪያው ላይ ቢጫ የተቀቡ ሁለት አሞርዛተሮች በሽቦ ተንጠልጥለዋል። እንቁ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አንስታ አሸተተች፤ ጠርዙ ላይ የነበረው ዘይት ጣቷን አረጠባት። ከዚያ ወደ ቢጫዎቹ እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪ!» ብሎ ጮኸ ዋቅቶላ። «እጅሽ ላይ ያለው ፍሬን ዘይት ነው። ቀለም ይበላል! በዚያ ጣትሽ ብትነኪው ሥራውን ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።»

«ኢንስፔክተሯን ነው አንቺ የምትላት?» አለ ዓለምሰገድ።

«ካቴና ላጠለቀልኝ እርስዎ ልበል?»

እንቁ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አምላኩ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ ተጣልታችኋል። ጎረቤት ሰምቷል።»

«እሱ ነው የተጣላኝ። ‹ጥቁር አድርገው ብሎ ማን አዘዘህ?› ብሎ አንባረቀብኝ። ‹ወንድምህ ነዋ› አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ነድቶ ሄደ።»

«አምላኩ ወንድም የለውም።»

«ታዲያ እኔ ዘሩን ልቁጠርለት? ሰውዬው ሞተሩን አመጣ፣ ‹የወንድሜ ነው፣ ወርቃማውን አጥፍተህ በአስቸኳይ ጥቁር አድርገው› አለኝ። ቁመቱ ረጅም ነው። ሄልሜቱን አላወለቀም። ለፊቱ ብዬ አይደለም የምሠራው።»

«ብሎኑንስ አጥብቀኸዋል?»

ዋቅቶላ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ካሊፐሩን ፈትቼ ቀባሁ፣ አደረቅሁ፣ ገጠምሁ፣ ዘይት ሞላሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። መጨረሻ ላይ መፍቻው የላጠውን የብሎኑን ራስ በትንሽ ብሩሽ እቀባለሁ። ያን ያየሽ እንደሆነ ገብቶሻል። ካልገባሽ እሰሪኝና ልጄ አባቷን በእስር ቤት አጥር እያየች ትደግ።»

እንቁ ወደ ዓለምሰገድ ዞረች። «ካቴናው ይላላለት። እጁ ደም አጥቷል።»

የአምላኩ ቤት ደጅ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ወርቅዬ በአንዱ ጥግ፣ የአምላኩ ሚስት ሊድያ በሌላው ጥግ ተቀምጠዋል። ለቅሶ የመጣው ሰው አማትና ምራት መሆናቸውን ካላወቀ ሁለት የተለያየ ሐዘን ያለ ይመስለዋል።

እንቁ ሊድያን ለብቻዋ ጓዳ ወሰደቻት። «የሞተሩን ቀለም ማን አስቀየረ?»

«እኔ» አለች ሊድያ ቶሎ ብላ። «አምላኩ ለሥራ ሐዋሳ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ደስ እንዲለው ነው።»

«ወርቃማውን መርጦ ያስቀባው ራሱ አይደለም?»

«እኔን አስጠላኛ! ምን ችግር አለው?»

«ጋራዥ የወሰድሽውስ አንቺ ነሽ?»

ሊድያ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። «አዎ።»

«መንዳት ትችያለሽ?»

«ባሌ ሞቶ ነው መንጃ ፈቃድ የምትጠይቂኝ? ትንሽ ሰው አትሆኚም?»

ከደጅ የመኪና በር ተዘጋ። የሊድያ ወንድም ኢዩ ነጭ ቪትዙን አቁሞ የውኃ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ለመግባት በሩ ላይ ጎንበስ አለ። ተሳፋሪ የሚያመላልስባት መኪና በቅርቡ ተቀብታለች፤ የሹፌሩ በር እጀታ ግን በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል።

«እህቴን ለምን ታስጨንቋታላችሁ?» አለ። «ገዳዩን ይዛችሁታል።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበርክ?»

«ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ቤቴ። ለዚህ ሞተር ቅርብ የሆነ ሰው ሁሉ ይጠረጠራል እንዴ?»

«የመኪናህ እጀታ ምን ሆኖ ነው?»

«ተሰብሮ ነው።»

እንቁ ኢዩ ሲሄድ በመስኮት አየችው። በፕላስተር የተጠቀለለውን እጀታ ሳብ ሲያደርገው በሩ ወዲያው ተከፈተ።

ከዚያ እንቁ የሄደችው ወደ ጣቢያዋ ነው። አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ ትዝ ብሏት ነበር። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ኑራ የምትባል ሴት ሞተር ገጭቷት ሆስፒታል ውስጥ ሞታለች። ገጪው አልቆመም። ያዩት ሰዎች ያስታወሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞተሩ የፊት እግሮች ወርቃማ ነበሩ። እንቁ ሐዋሳ ደወለች። ኑራ በተገጨችበት ቀን አምላኩ እዚያ ሥራ ላይ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እንቁ ሁሉንም በአምላኩ ግቢ ሰበሰበቻቸው። የተጎዳው ሞተር መሐል ላይ በጎን እግሩ ቆሟል። ዋቅቶላ ሲገባ ወርቅዬ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይህን ሰው በልጄ ደጅ አስገባሽብኝ?»

«ወድጄ አይደለም የመጣሁት» አለ ዋቅቶላ።

«ይቀመጡ እናቴ» አለች እንቁ። «መጀመሪያ ይህን ብሎን ተመልከቱ። ቀቢው አጥብቆ ካበቃ በኋላ የብሎኑን ራስ በብሩሽ ቀብቶታል። ያ ቀለም ዙሪያውን ተሰንጥቋል፤ ጠርዙ ላይም አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። ስለዚህ ከዋቅቶላ እጅ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ፈትቶታል።»

«መንገድ ላይ ላልቶ ቢሆንስ?» አለ ኢዩ።

«መንገድ ላይ ቢሆን ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይበትነው ነበር። ይህ መስመር ወደ ግራ ያዘነብላል። ሞተሩ አሁን እንደቆመ እዩት፤ ወደ ግራ አዘንብሏል። መስመሩ ከመሬት ጋር ሲተያይ ቀጥ ያለ ነው። ዘይቱ የፈሰሰው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው፤ ቀለሙንም እስከ ወርቃማው ድረስ ለመብላት ሌሊቱን አግኝቷል። ሞተሩ ደግሞ ያደረው እዚህ ግቢ ነው። በሩ አልተሰበረም። የገባው ሰው ቁልፍ አለው።»

ወርቅዬ ወደ ሊድያ ዞሩ። «አንቺ ነሽ!»

«አይደለሁም!»

«አይደለችም» አለች እንቁ። «ግን ዋሽታኛለች። ሞተሩን ጋራዥ የወሰደው ‹ወንድሙ ነኝ› ያለ ረጅም ሰው ነው። ባሏ በሞተ ማግስት ሊድያ ለማን ብላ ትዋሻለች? ለእናት ልጅ ካልሆነ ለማን?»

ኢዩ ሊወጣ ተነሣ፤ ዓለምሰገድ የግቢውን በር ዘጋው።

«አምላኩ ሐዋሳ ሳለ ሞተሩን የምትነዳው አንተ ነበርክ። ሾላ ላይ ኑራን ገጭተህ ሸሸህ። ሰው የሚያስታውሰው ወርቃማውን ስለሆነ ወርቃማውን አጠፋህ። አምላኩ ተመልሶ ሞተሩን ከጋራዥ ሲያወጣ ጥቁሩን አየ፤ ቤት ገብቶም ሚስቱን ጠየቃት።»

ሊድያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ነገርኩት። አለቀስኩና ነገርኩት። ‹ጠዋት ሞተሩን ራሴ ጣቢያ አስገባዋለሁ› አለ።»

«እሑድ ጠዋት ያቺን ቁልቁለት ሲወርድ ወደ እኛ እየመጣ ነበር» አለች እንቁ። «የአንቺን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ቀድሞት እዚህ ገብቷል። ብሎኑን አላልቶ ዘይቱን በከፊል ብቻ አፈሰሰ። ፍሬኑ መጀመሪያ እንዲይዝ፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዲከዳው።»

«ወሬ ነው!» አለ ኢዩ። «ምን ማስረጃ አላችሁ?»

«እጅህን በደንብ አልጠረግህም። ፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል።»

እንቁ በግቢው ጥግ ወደቆመው ነጭ ቪትዝ ሄደች። ከእጀታው ላይ ጥቁሩን ፕላስተር ቀስ ብላ ላጠችው። እጀታው ደህና ነው፤ አልተሰበረም። ከውስጥ በኩል ግን ጣት የሚያርፍበት አራት ቦታ ላይ ነጩ ቀለም አብጦ፣ ተጨማድዶ፣ ከፕላስተሩ ጋር ተነሣ።

 ኢዩ ወደ እህቱ ነበር የሚያየው።

«ለአንቺም ብዬ ነው» አላት። «አንቺም አብረሽኝ ደብቀሻል። እሱ ቢናገር ሁለታችንም ነበርን።»

«እንድትሸሽ ነው የደወልኩልህ» አለች ሊድያ። «እንድትሸሽ! ኢዩ፣ የነገርኩህ እንድትሸሽ ነው!»

ዓለምሰገድ ከዋቅቶላ እጅ የፈታውን ካቴና ለኢዩ አጠለቀለት። ሊድያንም እንቁ ራሷ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። በደጁ ሲያልፉ ሊድያ አማቷ እግር ሥር ልትወድቅ ዳዳት። ወርቅዬ እግራቸውን ሰበሰቡ።

እንቁ ሊድያን ለሳጅኑ አስረክባ ስትመለስ ዋቅቶላ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ቆሟል። «ጨረሳችሁ?» አለ። «ሞተር ቢሆን አስተካክዬ እቀባዋለሁ። የእኔን ስም ግን ሰፈር ሙሉ ጥቁር ቀብታችሁታል። እሱን ማን ይልጥልኛል?»

 ወርቅዬ ተነሡ። ነጠላቸው ከልጃቸው ጋር ስለሄደ ትከሻቸው ላይ ያለው የተዋሱት ጥቁር ሻርፕ ነበር።

«ደጅህን አውቀዋለሁ» አሉ። «በጎረቤት ፊት የተናገርኩትን በጎረቤት ፊት እመልሰዋለሁ። እንሂድ።»

ዋቅቶላ ከላይ እስከ ታች አያቸው። ይቅር ያለ ሰው ፊት አልነበረውም።

«አራስ ቤት» አለ በመጨረሻ፣ «ባዶ እጅ አይገባም።»

ወርቅዬ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ለለቅሶ ከመጣው እህል ውስጥ አንድ ፌስታል የገንፎ ዱቄት ይዘው ወጡና ከፊቱ ቀድመው መንገድ ጀመሩ።